ጉሬዛን እንወቀው

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከጓደኞቻችን ጋራ ወደ ሐዋሳ ሄደን ነበር። ከሐይቁ ዳር ከታላላቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጫወት አንድ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየወረደ መጥቶ ከራሳችን በላይ ቆመ። ከመካከላችን አንዱ ብስኩት፣ ሌላውም ሙዝ ዘረጋለት፤ እርሱም ሳይፈራ ተቀብሎ በላ። ሳቅን፤ ፎቶግራፍ አነሣን፤ ደግ ሥራ እንደ ሠራንም ቈጠርነው። ወደ ትምህርታችን ከተመለስን በኋላ ግን ስለዚህ እንስሳ የተጻፈውን ፈልገን ብናነብ፣ ያን ቀን የሠራነው ደግነት ሳይሆን ጥፋት መሆኑን ተረዳን። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢያን «አገራችን ስንት የሚያሳስብ ጉዳይ እያላት ስለ ዝንጀሮ ዘመድ ወረቀት ማባዛት ምን ይጠቅማል?» ይሉን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም አጭር ነው፤ ጉሬዛ ያለ ዛፍ አይኖርም፤ ዛፉ ካለ ምንጩም፣ አፈሩም፣ ቡናውም አለ። ስለዚህ ስለ ጉሬዛ መነጋገር ስለ ደናችን መነጋገር ነው። ደግሞም «ያላዩት አገር አይናፍቅም» እንዲሉ፣ ያላወቁትን ለመጠበቅ የሚነሣ ሰው የለም።

ስሙና መልኩ

ጉሬዛ ከሳይንስ ዓለም ጋራ የተዋወቀው በአማርኛ ስሙ ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ተወላጅ በ1830ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቈጣጠር፤ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) ወደ አገራችን መጥቶ የእንስሳቱን ዐይነት ሲያጠና ቈየ። ወደ አገሩም ከተመለሰ በኋላ በ1835 ስለዚህ እንስሳ ሲጽፍ «ኮሎቡስ ጉሬዛ» ብሎ ሰየመው። ሁለተኛው ቃል ያው የኛው ቃል ነው። ዛሬ በየትኛውም አገር የሚገኝ የእንስሳት ሊቅ፣ አማርኛ የሚባል ቋንቋ መኖሩን እንኳ ባያውቅ፣ ይህን እንስሳ የሚጠራው ባላገሩ በሚጠራበት ስም ነው።

«ኮሎቡስ» የሚለው ግን ከግሪክኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜው «የተቈረጠ» ማለት ነው። ይህም የተባለበት ምክንያት ጉሬዛ ዐውራ ጣት ስለሌለው ነው፤ በዐውራ ጣቱ ቦታ ያለችው ትንሽ ጕጥ ብቻ ናት። ይህ ጕድለት መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን አራቱ ረጃጅም ጣቶቹ እንደ ሜንጦ ስለሚታጠፉ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲወረወር በቀላሉ ያንጠለጥሉታል።

መልኩን የማያውቅ ጥቂት ይመስለናል። ሰውነቱ ጥቍር ነው፤ ፊቱን ነጭ ጠጕር ይከበዋል፤ ከትከሻው ጀምሮ በሁለቱ ጐኖቹና በወገቡ ላይ የሚወርደው ረጅም ነጭ ጠጕር ካባ የደረበ ያስመስለዋል፤ የጅራቱም ጫፍ እንደ ባዘቶ ጥጥ የተንዠረገገ ነው። ያደገው ጉሬዛ ከ8 እስከ 13 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ወንዱ ከሴቲቱ ይከብዳል።

የሚኖርበት አገር ሰፊ ነው። በምዕራብ ከናይጄሪያና ከካሜሩን አንሥቶ በመካከለኛው አፍሪካ በኩል እስከ ኡጋንዳ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኢትዮጵያ ድረስ ይገኛል። በአገራችን ያለውን ሊቃውንት በሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምዕራብ የሚገኘው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከሸለቆው በስተ ምሥራቅ ባለው ደጋ የሚኖረውና ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ነው። በባሌ የሐረና ደን፣ በወንዶ ገነት፣ በመናገሻ ሱባ፣ በወሎ የቦረና ሳይንት ደን፣ እንደዚሁም በከፋ፣ በሸካና በኢሉባቦር ጫካዎች የሄደ ሰው ያገኘዋል።

ሆዱ

የጉሬዛን ጠባይ ለመረዳት ከሁሉ አስቀድሞ ሆዱን ማወቅ ያስፈልጋል። ጦጣና ዝንጀሮ ያገኙትን ሁሉ ይበላሉ፤ እህል፣ ሥራ ሥር፣ ነፍሳት፣ የሰው ትራፊም ቢሆን አይመርጡም። ጉሬዛ ግን ዋና ምግቡ ቅጠል ነው። በተለይም ለጋውን ቅጠል ይወዳል፤ ለጋው ሲጠፋ የጠነከረውንም ይበላል፤ ያልበሰለ ፍሬና የፍሬ ዘርም ይጨምርበታል።

ቅጠል በየዛፉ ሞልቶ ስለሚታይ የጉሬዛ ኑሮ ያለ ድካም የተገኘ ሲሳይ ይመስላል። እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። የቅጠል አብዛኛው ክፍል ማንኛውም አጥቢ እንስሳ በራሱ ኃይል ሊፈጨው የማይችል ጭረት ነው። በዚያ ላይ ዛፍ ቅጠሉን በነጻ አይሰጥም፤ መራራ ነገርና መርዝ ይቀምምበታል። ቆዳ ፋቂ ቆዳ የሚያለፋበት ታኒን የተባለው ነገር እንኳ ከዚሁ ከዛፍ ቅጠልና ልጥ የሚገኝ ነው። እኛ አንድ እቅፍ ቅጠል ብንበላ ሆዳችንን ከማመም በቀር የምናተርፈው ነገር የለም።

ጉሬዛ ይህን ችግር የተወጣው ላምና በግ በተወጡበት መንገድ ነው። ሆዱ እንደኛ አንድ ከረጢት ሳይሆን በክፍል በክፍል የተሠራ ነው። የፊተኛው ክፍል ትልቅ ሲሆን፣ በውስጡ ባክቴሪያ የሚባሉት ረቂቃን ተሐዋስያን ይኖሩበታል። ጉሬዛው በስለታም መንጋጋው ያላመጠው ቅጠል እዚህ ክፍል ውስጥ ገብቶ ይብላላል። ነገሩን በቀላሉ ለመረዳት የጠላ ጋንን ማሰብ ይበቃል። ጠማቂዋ ጌሾውንና ብቅሉን በጋኑ ውስጥ ጨምራ ከድና ትተወዋለች፤ የቀረውን ሥራ የሚሠራው እርሾው ነው። ጉሬዛም ቅጠሉን በሆዱ ጋን ውስጥ ከጨመረ በኋላ ጭረቱን የሚያፈርሱለት፣ ከመርዙም ከፊሉን የሚያከሽፉለት እነዚያ ተሐዋስያን ናቸው። እርሱ የሚመገበው እነርሱ አብላልተው የሚያስገኙትን ነው፤ ወደ ኋላ ደግሞ ራሳቸውን ተሐዋስያኑንም ይፈጫቸዋል። ከላም የሚለየው እንደ እርስዋ የዋጠውን ወደ አፉ መልሶ አለማመስኳቱ ነው።

እንግዲህ የሐዋሳው ጥፋታችን ምን እንደ ሆነ እዚህ ላይ ይገለጻል። የጠላ ጋን ውስጥ ያልታዘዘ ነገር ቢጨምሩበት ጠላው እንደሚበላሽ፣ የጉሬዛም ሆድ እንዲሁ ነው። ተሐዋስያኑ የሚኖሩት ኮምጣጣነት ባልበዛበት ቦታ ነው። ዳቦ፣ ብስኩት፣ የበሰለ ሙዝና ጣፋጭ ነገር ሁሉ ግን በፍጥነት ስለሚቦካ ሆዱን ያኮመጥጠዋል፤ ነፋም ያመጣበታል። ሲደጋገም ተሐዋስያኑ ያልቃሉ፤ እንስሳው ይታመማል፤ ሊሞትም ይችላል። ጉሬዛው የዘረጋነውን ተቀብሎ መብላቱ እንደሚስማማው ማስረጃ አይሆንም። ሕፃንም የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል።

ውሎው

ቅጠል ከእህልና ከሥጋ ጋራ ሲነጻጸር የሚሰጠው ኃይል ጥቂት ነው፤ ለመፈጨትም ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ጉሬዛ ኑሮውን በቍጠባ ያስተዳድራል። ከቀኑ ከእኩሌታ የሚበልጠውን ጊዜ የሚያሳልፈው በዕረፍት ነው። ጥዋት ከዛፉ ጫፍ ወጥቶ የሌሊቱን ብርድ በፀሓይ ያስለቅቃል፤ ከዚያ ይበላል፤ እንደ ገና ያርፋል፤ እንደ ገና ይበላል። ቀኑን ሙሉ የሚጓዘው መንገድ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ባላገሩ አይቶት ሰነፍ ቢለው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ስንፍና ሳይሆን ገቢውን ያወቀ ሰው ቍጠባ ነው።

የሚኖረው በቤተ ሰብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዐዋቂ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ ቍጥራቸውም ከሦስት እስከ ዐሥራ አምስት ይደርሳል። ወንዱ ጎሕ ሳይቀድ ይጮኻል። ድምፁ እንደ ወፍ ዜማ ሳይሆን ከደረት የሚወጣ ወፍራም ጕርምርምታ ነው። አንዱ ሲጀምር የጎረቤቱ ይቀበለዋል፤ ከዚያም ሦስተኛው ይቀጥላል፤ በዚህ ሁኔታ ሸለቆው ሁሉ ያስተጋባል። በዚህም እያንዳንዱ «እኔ ከዚህ አለሁ፤ አንተ ከዚያ ሁን» እየተባባለ ድንበሩን ያለ ጠብ ይጠብቃል። ፒተር ማርለር የተባሉት ሊቅ በኡጋንዳ የቡዶንጎ ደን ይህን አጥንተው በ1969 አሳትመዋል።

ሴቲቱ አምስት ወር ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ልጅ ነው። የሚያስደንቀው፣ ጥቍር ከሆነችው እናት የሚወለደው ግልገል ፊቱ ቀላ ያለ፣ ጠጕሩ ግን ከራስ እስከ ጅራት ነጭ መሆኑ ነው። የእናቱን መልክ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ሌሎቹ ሴቶች እየተቀባበሉ ያቅፉታል። እናቲቱ እንደ ገና የምትወልደው ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቈይታ ነው። ይህ ነገር ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ዘሩ እንደ አይጥና እንደ ጥንቸል ቶሎ ቶሎ የሚተካ አይደለምና። ዛሬ ያጠፉትን ነገ አይመልሱትም።

የተፈጥሮ ጠላቶቹ ነብርና የዝንጀሮ ንስር የሚባለው ባለ ጉትዬ ታላቅ ንስር ናቸው። ከእነርሱ ጋራ ግን ዘመናት አብሮ ኖሯል፤ እነርሱ ዘሩን አላጠፉትም። ያሠጋው ሌላ ነው።

ቆዳው

የጉሬዛ የመጀመሪያ መከራ የመጣው ከውበቱ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓ ከተሞች የኮሎቡስ ቆዳ የወይዛዝርት ልብስ ጌጥ ሆኖ ስለ ተፈለገ፣ ከአፍሪካ እጅግ ብዙ ቆዳ በመርከብ ተጭኖ ሄደ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ፋሽኑ ተመልሶ መጣ። በአገራችን ደግሞ ቆዳው እየተሰፋ ምንጣፍ ይሆን ነበር። ከአያቶቻችን ቤት ወይም ከዘመድ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ አለዚያም ከሶፋው ፊት ተነጥፎ ያየነው እንኖራለን። ልጆች ሳለን እየተንከባለልንበት አድገን ይሆናል። አንዱን ምንጣፍ ለመሥራት ግን የሚበቃው አንድ ቆዳ አይደለም፤ የብዙ እንስሳት ቆዳ ነው። ከላይ የገለጽነውን ቤተ ሰብ ለሚያስታውስ አንባቢ፣ አንድ ትልቅ ምንጣፍ ማለት አንድ ቤተ ሰብ ሙሉ ማለት ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቱሪስት ገበያ ሲስፋፋ በምሥራቅ አፍሪካና በኢትዮጵያ የኮሎቡስ ቆዳ ንግድ ተመራማሪዎችን አሳስቦ ነበር። በዚያው ዘመን ሮቢን ደንባርና ፓትሲ ደንባር በአገራችን የጉሬዛን ኑሮና የቍጥሩን ሁኔታ አጥንተው በ1974 አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ኢትዮጵያ በ1989 ሳይተስ የተባለውን የዱር እንስሳት ንግድ መቈጣጠሪያ ስምምነት ተቀበለች፤ ጉሬዛም በስምምነቱ ሁለተኛ ሠንጠረዥ ተመዝግቧል። በ2007 የወጣው የዱር እንስሳት ዐዋጅ ቍጥር 541 ደግሞ የዱር እንስሳትን ውጤት ያለ ፈቃድ መያዝንና መነገድን ከለከለ። ፋሽኑም ዐልፏል። በቆዳው ምክንያት የነበረው አደጋ ጨርሶ ባይጠፋም ቀንሷል ማለት ይቻላል።

ደኑ

ሁለተኛው አደጋ ግን አላለፈም፤ ይህም የደን መመንጠር ነው።

የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጉሬዛን የመዘገበው ለመጥፋት ከማያሠጉት ተራ ነው። ይህን ያነበበ ሰው «ታዲያ ምን ያስጮኻችኋል?» ሊለን ይችላል። መዝገቡ ትክክል ነው፤ ጉሬዛ በብዙ አገር ይገኛል፤ ጠንካራም እንስሳ ነው። ነገር ግን ጥንካሬው ራሱ እንዳያታልለን ያሠጋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጉሬዛ የሚበላው ቅጠል በአቅራቢያው ስለሚገኝ ሰፊ አገር አያስፈልገውም። አንድ ቡድን አባቶቻችን ጋሻ ከሚሉት ከአርባ ሄክታር ባነሰ ደን ውስጥ ዕድሜውን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሌላው አውሬ ሁሉ ከጠፋ በኋላ እንኳ እርሱ በወንዝ ዳር በቀረች ጫካ፣ በከተማ ዳር በቀሩ ዛፎች ላይ ይታያል። አላፊ አግዳሚው አይቶት «ጉሬዛው እኮ አለ» ይላል። አዎን፣ አለ። ነገር ግን በዙሪያው ያለው ደን ተመንጥሮ እርሻ ከሆነ በኋላ ያች ጫካ በባሕር መካከል እንዳለች ደሴት ትሆናለች። ወጣቱ ወንድ አድጎ ከተወለደበት ቡድን ሲለይ የሚሄድበት የለውም። ጦጣ እርሻውን አቋርጦ፣ በመንገዱም እሸት ቀምሶ ወደ ማዶ ይሻገራል። ጉሬዛ ግን በምድር ላይ ረጅም መንገድ ለመሄድ አልተፈጠረም፤ በየማሳውም የሚስማማው ስንቅ አያገኝም። ቢወርድ ውሻ፣ ጅብና መኪና ይጠብቁታል። በዚያው ቢቀር ጥቂቶቹ እርስ በርሳቸው እየተዋለዱ ይኖራሉ፤ አንድ በሽታ ወይም አንድ ክፉ የድርቅ ዓመት ሲመጣ ሁሉም በአንድነት ይጠፋሉ። ሆዱ ከዛፍ ጋራ አስሮታል ማለታችን ስለዚህ ነው።

መፍትሔውም የሚፈለገው ከዚሁ ላይ ነው። ጉሬዛ የሚፈልገው ሰው ያልረገጠው ጫካ ብቻ አይደለም፤ የተያያዘ ዛፍ ነው። በደቡብ ምዕራብ አገራችን ቡና ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ገበሬው ለቡናው ብሎ ሳሳውንና ዋንዛውን ባይቈርጥ፣ ጉሬዛውም ከዚያው ከበላዩ ይኖራል። ከፋና ያዩ በ2010፣ ሸካም በ2012 በዩኔስኮ የሕይወታዊ ክልል መዝገብ የገቡት ደንንና ኑሮን አጣምሮ ለመያዝ ነው። በወንዝ ዳርና ዳር ባለው ቦታ ላይ የቀሩት የሀገር በቀል ዛፎች ተራ ደግሞ አንዱን ጫካ ከሌላው የሚያገናኝ መንገድ ነው፤ ተራው በአንድ ቦታ ሲቈረጥ መንገዱ ሁሉ ተቈረጠ። ከጐረቤታችን ከኬንያም የምንማረው አለ። ዲያኒ በተባለው የባሕር ዳርቻ የጉሬዛ ቅርብ ዘመድ የሆነው የአንጎላ ኮሎቡስ አውራ ጐዳና ሲሻገር በመኪና ይገጭ ነበር። በ1997 የተቋቋመ አንድ የጥበቃ ማኅበር ከመንገዱ በላይ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያሻግር ድልድይ ዘረጋ፤ እንስሶቹም ይሻገሩበታል። ሥራው ገመድና መሰላል እንጂ ትልቅ ፋብሪካ አልጠየቀም።

ምን እናድርግ?

እኛ ተማሪዎች ነን፤ ዐዋጅ አናወጣም፤ ደንም አንጠብቅም። ነገር ግን ከአቅማችን በላይ ያልሆኑ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ጉሬዛን ባየንበት ቦታ ሁሉ ምንም ምግብ አንስጠው፤ ሌላው ሲሰጥም ምክንያቱን በትሕትና እናስረዳ። ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ ከሆዱ መበላሸት ሌላ ወደ መንገድና ወደ ውሻ አፍ ይቀርባል።

ሁለተኛ፣ ቆዳውን አንግዛ፤ ስጦታ አድርገንም አንቀበል። በቤታችን የቈየ ካለ ታሪኩን ለታናናሾቻችን እንንገራቸው።

ሦስተኛ፣ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ በአካባቢያችን ባለው ጫካ ስንት የጉሬዛ ቡድን እንዳለ እንመልከት። ይህ ትልቅ መሣሪያ አይፈልግም። ጎሕ ሳይቀድ ከአንድ ጕብታ ላይ ተቀምጦ ከስንት አቅጣጫ እንደሚጮኽ ማዳመጥ፣ ቀኑንና ቦታውንም በደብተር መጻፍ ነው። በየዓመቱ በዚያው ወር የሚደገም እንዲህ ያለ መዝገብ፣ ጩኸቱ የበዛ ወይም ያነሰ መሆኑን ያሳያል። የባዮሎጂ ተማሪዎች ቢያስተባብሩን በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚጠቅም ነገር ይወጣዋል ብለን እናምናለን።

አራተኛ፣ ዛፍ ስንተክል ምን እንደምንተክል እናስብ። ባሕር ዛፍ ማገዶና ማገር ይሰጣል፤ ጥቅሙን አንክድም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ብቻውን ደን አይሆንም። ከጐኑ ወይራና ዝግባ፣ ሾላና ዋንዛም ይተከል።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደ ተተከለ ይነገራል። ያን ጊዜ የተከሉት ሰዎች ጥላውን ሳያዩ ሞቱ። እኛ ግን ዛሬ ከዚያው ጥላ ሥር ቆመን፣ ጎሕ ሲቀድ የጉሬዛውን ጩኸት እንሰማለን። ከኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ምን እንደሚሰሙ የሚወሰነው አሁን ነው። የጉሬዛ ስም በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ በአማርኛ ተጽፎ ይኖራል፤ ማንም አይፍቀውም። ስሙን ያወጣች አገር እንስሳውን አጥታ ስሙን ብቻ እንዳታስቀር እንጠንቀቅ።